ጠፍሩ ላልቷል እንጂ አልተበጠሰም፦ ለአንዲት የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ የተጻፈ ምስጋና

ይህን ለመጻፍ ሦስት ሳምንት አመነታሁ። ጉዳዩ ሽንት ነው፤ ጎንደር ውስጥ ደግሞ ሴት ልጅ ስለ ሽንቷ አደባባይ ወጥታ አታወራም። ባለቤቴ «ስንቷ እንደ አንቺ ጉልበቴን ነው እያለች ተቀምጣ ይሆን?» ባይለኝ ኖሮ ዝም ብዬ በቀረሁ።

ዕድሜዬ 49 ነው። አምስት ልጆች ወልጃለሁ። ሥራዬ ልብስ ስፌት ነው፤ አራዳ አካባቢ አነስተኛ ሱቅ አለችኝ። ነገሩ የጀመረው ጓሮ በርበሬ ሲታመስ ነው። አከታትሎ አስነጠሰኝና ቀሚሴ ረጠበ። ያን ቀን ሳቅሁ። ዓመት ሳይሞላ ግን ሳቁ ራሱ ያረጥበኝ ጀመር። ከቤቴ እስከ ሱቄ ባለው መንገድ የትኛው ካፌ ሽንት ቤቱን ለአላፊ አግዳሚ እንደሚከፍት በቃሌ አውቅ ነበር። እንዳይታይብኝ ጥቁር ብቻ ስለምለብስ «ማን ሞተባት?» ብሎ የጠየቀ ሰው አለ። ከሁሉ የከበደኝ የስቅለት ስግደት ነው። አራት ዓመት ሙሉ ጉልበቴን አሳብቤ ከደጀ ሰላሙ ውጭ ዛፍ ሥር ተቀመጥሁ።

ሕክምና አልፈለግሁም አልልም። አንድ የግል ክሊኒክ ሦስት ጊዜ ሄጄ ሦስቱንም ጊዜ «ኢንፌክሽን ነው» ተብዬ አንቲባዮቲክ ውጬ ተመለስሁ። መቼ መቼ እንደሚያመልጠኝ የጠየቀኝ አልነበረም። በመጨረሻ አዋላጅ ነርስ የሆነችው የእህቴ ልጅ እጄን ይዛ ወደ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል፣ ወደ ማህፀንና ፅንስ ተመላላሽ ክፍል ወሰደችኝ።

ሐኪሙ ገና ከመቀመጤ «እትዬ፣ ሲያስሉና ሲስቁ ነው የሚያመልጥዎት ወይስ ሽንት ቤቱ በር ላይ ሲደርሱ?» አለኝ። አፌን ከፍቼ ቀረሁ። ለካ ያቺ አንዲት ጥያቄ ሁለት የተለያዩ ሕመሞችን ትለያለች። ሲያስሉ የሚያመልጠው ፊኛን ደግፎ የሚይዘው ጡንቻ ሲደክም ነው፤ በር ላይ የሚያመልጠው ፊኛው ያለ ጊዜው ሲኮማተር ነው። ሕክምናቸውም ለየቅል ነው፤ ሁለቱም ያለባት ሴት ደግሞ አለች። ሽንቴና የደም ስኳሬ ተመረመረ፣ ከሸናሁ በኋላ የቀረ ሽንት መኖር አለመኖሩ በአልትራሳውንድ ታየ፣ ቀጥሎም ተኝቼ እንዳስል ተደረገ። የእኔ የመጀመሪያው ዓይነት ነው፤ ፊኛዬም ትንሽ ዝቅ ብሏል። ሐኪሙ ቢብስ ማህፀንንና ፊኛን ደግፎ የሚይዝ ቀለበት እንዳለ፣ ቀዶ ሕክምናም እንዳለ ነግሮኝ «መጀመሪያ ግን ሦስት ወር ፊዚዮቴራፒ፣ ማለትም የጡንቻ ልምምድ፣ እንሞክር» አለ።

ምስጋናዬ ለሁለቱም ነው፤ የሚበዛው ግን ለፊዚዮቴራፒ ባለሙያዋ ነው። ከመጀመሪያ ልጄ ታንሳለች። ስሟን እንዳልጽፍ አስምላኛለች። የሰውነት ስዕል አውጥታ ልታስረዳኝ ስትሞክር ግራ መጋባቴን አየችና ስዕሉን አጠፈችው። «እናቴ፣ ጠፍር አልጋ ያውቃሉ አይደል? ፊኛ፣ ማህፀንና ሰገራ መውጫው እንደዚያ ባለ ጠፍር ላይ ነው የተኙት። የእርስዎ ጠፍር ላልቷል እንጂ አልተበጠሰም፤ እናጠብቀዋለን» አለችኝ። እኔ በጠፍር አልጋ ያደግሁ ሴት ነኝ። ከዚያ ወዲያ ማብራሪያ አላስፈለገኝም።

ሽንትና ፈስን አንድ ላይ እንደሚይዙ ወደ ላይ ሳብ ማድረግ፣ መቁጠር፣ መልቀቅ። ቀላል ይመስላል፤ እኔ ግን በመጀመሪያው ሳምንት የማጠብቀው ሆዴንና ጭኔን ኖሯል። እጇን ሆዴ ላይ አድርጋ «ይሄ ይረፍ፤ ትንፋሽዎንም አይያዙ» እያለች አረመችኝ። ሽንት መሀል ላይ እያቆሙ መለማመድንም ከለከለችኝ። በሦስት ሰከንድ ጀምሬ አሥር ደረስሁ፤ አሥር አሥር ጊዜ፣ በቀን ሦስቴ። አሁን የደንበኛ ትከሻ እየለካሁ ሳይቀር እሠራዋለሁ፤ ማን ያውቃል? ማሳል ወይም ማስነጠስ ሲመጣም ቀድሜ አጠብቃለሁ።

ለሦስት ቀን የምጠጣውንና የምሸናውን እንድመዘግብም አዝዛኝ ነበር። ሌላ ደብተር ስላልነበረኝ በሱቁ የልክ ደብተር ላይ ጻፍሁት፦ ከአንዲት ሙሽራ የወገብ ልክ ጎን «ከጠዋቱ 3 ሰዓት፣ በጆግ 150 ሚሊ ሊትር፣ ከሳቅ በኋላ ትንሽ አመለጠ» ይላል። ስታነብ ሙሽራዋ ላይ ደርሳ እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች። ከዚያ ግን ኮስተር ብላ ውሃ መቀነሴን ነቀፈችው። እንዳያመልጠኝ ብዬ በቀን አንድ ብርጭቆ ብቻ እጠጣ ነበር፤ የወፈረ ሽንት ግን ፊኛን ይቆጠቁጣል፣ ድርቀትም ያመጣል፣ ድርቀት ያስከተለው ማማጥ ደግሞ ጠፍሩን ይብስ ያላላዋል። ከባድ እንዳልሸከምም ባለ 20 ሊትሩን ጀሪካን በሁለት ትንንሽ ለወጥሁ። ከቡናው አቦሉ ብቻ ቀረልኝ፤ ቶናና በረካውን ለጎረቤት እየቀዳሁ መቀመጥ ነው። ይህ ከልምምዱ ሁሉ በለጠብኝ።

አንድ ነገር ላስጠንቅቅ። ምጥ ከቆየባት በኋላ ቀን ከሌት ሽንት ያለማቋረጥ የሚፈስባት ሴት ካለች የእኔን ታሪክ ሰምታ ልምምድ ብቻ እንዳትጀምር፤ ያ ፌስቱላ፣ ማለትም ምጡ በፊኛና በብልት መካከል የከፈተው ቀዳዳ፣ ሊሆን ይችላል፤ ቶሎ ሐኪም ማየት አለባት። በ1951 ዓ.ም. ወደ አገራችን የመጡት ሐኪሞች ካትሪንና ሬጅናልድ ሐምሊን ያቋቋሙት ሆስፒታል ባሕር ዳርም ማዕከል አለው፤ የሚያክመውም ያለ ክፍያ ነው።

አራት ወር ሆነኝ። በቀን አራት ጨርቅ እቀይር የነበርሁት ዛሬ ሩቅ መንገድ ካልሄድሁ በቀር አልይዝም። ዘንድሮ ስቅለት ሰገድሁ፤ ስነሳ ትንፋሼን እያወጣሁ፣ እንዳስተማረችኝ። ቄሱ በወይራ ቅጠል ጀርባዬን መታ መታ አድርገው ሌላ መቶ ሲጨምሩልኝ «ዕድሜ ለዚያች ልጅ» አልሁ። እሳቸው ማንን እንደምመርቅ አልገባቸውም።

የምትሄዱ ማልዳችሁ ሂዱ፤ የሦስት ቀን መዝገባችሁንም ይዛችሁ። በርበሬ ሲታመስ ግን እኔ አሁንም ከቤት እወጣለሁ።