ለሃይብሪድ ብስክሌት፦ ኤሮ ባር ወይስ የመሪ ቀንድ?

በሃይብሪድ (የአስፋልትና የተራራ ብስክሌትን ባቀላቀለ ብስክሌት) በሐረጎ በኩል ደሴና ኮምቦልቻ ለሚመላለስ ሰው መልሱ ቀንድ፣ ማለትም በመሪው ሁለት ጫፎች ላይ ወደ ፊት የሚታሰረው አጭር መያዣ ነው። ኤሮ ባር ከመሪው መሃል ወደ ፊት የሚወጣ የክንድ መደገፊያ ነው፤ እሱ ላይ ክንድ ሲያርፍ እጅ ከፍሬን ይርቃል፤ በጠመዝማዛ ቁልቁለት፣ ከአይሱዙ ጋር እየተጋፉ ይህን መሞከር እብደት ነው። ዳገት ላይም ፍጥነት ስለሚቀንስ ነፋስ የመሰንጠቅ ጥቅሙ እዚህ ግባ አይባልም።

ኤሮ ባር የሚያዋጣው ኮምቦልቻ ሜዳው ላይ፣ ነፋስ ፊት ለፊት ሲመጣ ነው። ግን መጀመሪያ መሪውን ለኩት፦ የብዙዎቹ መሃል 31.8 ወይም 25.4 ሚሊ ሜትር ሆኖ ወደ እጀታው 22.2 ይቀጥናል። ማሰሪያው መቅጠን የጀመረበት ላይ ካረፈ፣ ቡሎኑ የቱንም ያህል ቢጠብቅ ጉድጓድ ሲመታ ይዞራል። ማሰሪያው ለ31.8 የተሠራ ከሆነ፣ ለ25.4 መሪ መሙያ ቀለበት ግድ ነው።

ለቀንዱ እጀታውንና ፍሬኑን 2 ሴንቲ ሜትር ያህል ወደ ውስጥ መግፋት ይበቃል። የካርቦን መሪ ከሆነ ግን አምራቹ ካልፈቀደ ሁለቱንም ተዉት።