መርከቧ አምራለች፣ ለስሞቹ ግን ቦታ ጠቧል፦ ቡራዩ የተሠራ የመታሰቢያ ሞዴል

ከአዲስ አበባ ወደ አምቦ በሚወስደው መንገድ፣ ቡራዩ ላይ ከአስፋልቱ ጥቂት ገባ ብሎ የሚገኝ አንድ የእንጨት ሥራ ቤት፣ ከአልጋ፣ ከበርና ከቡፌ ሌላ በትእዛዝ የሕንፃ ሞዴሎችን ይሠራል። እኛ ያዘዝነው ግን ቤቱ ሠርቶት የማያውቀውን ነበር፤ የቀድሞው ባሕር ኃይል ዋና መርከብ የነበረችውን «ኢትዮጵያ»ን፣ ከሥሯም በእርሷ ላይ አገልግለው በኋላ በየካቲት 1982 ዓ.ም. በተደረገው ውጊያ ምጽዋ ላይ የቀሩ ዘመዶቻችንን ስም የያዘ የነሐስ ሰሌዳ። ተመሳሳይ መታሰቢያ ለማሠራት የሚያስቡ ቤተሰቦች እንዳሉ ስለማውቅ፣ የቤቱን ሥራ በዝርዝር መመዘን ተገቢ መስሎ ታይቶኛል።

ሞዴል ማሠራት ያስፈለገን መርከቧ ራሷ ስለሌለች ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ አሜሪካኖች የባሕር አውሮፕላኖችን እንድታገለግል የሠሯት፣ በፊሊፒንስ ውኃ ላይ የዘመተች፣ በጥር 1954 ዓ.ም. ለኢትዮጵያ የተሰጠች መርከብ ናት። ለረጅም ዘመን ማሠልጠኛም ነበረች። በ1983 ዓ.ም. ጦርነቱ ሲያበቃ ወደ የመን ሸሸች፤ ከሁለት ዓመት በኋላም እዚያው ለቁርጥራጭ ብረት ተሸጠች። ምጽዋ በተነሣ ቁጥር እዚያ ጦር የመሩት የብርጋዴር ጄኔራል ተሾመ ተሰማ ስም ይጠራል፤ መጠራቱም ተገቢ ነው። የመርከበኞቹ፣ የሞተር ክፍል ሠራተኞቹና የሬዲዮ ባለሙያዎቹ ስም ግን በአብዛኛው ከየቤተሰቡ ጓዳ አልወጣም። መቃብራቸውን የማናውቅ፣ መርከባቸውንም በእጃችን መዳሰስ የማንችል እኛ፣ የሙት ዓመታቸው ሲታሰብ ከፎቶግራፍ ሌላ የምናኖረው ነገር ፈለግን።

በሥራው የተደሰትኩት ገና ከመጀመሪያው ነው፤ ምክንያቱም ባለሙያው ቀብድ አልቀበልም አለ። ከእኛ ጋር የሄዱትን አክስቴን፣ «እናቴ፣ ይህ ፎቶ የሚያሳየኝ አንድ ጎኗን ብቻ ነው፤ ልኳን ካላመጣችሁልኝ የምሠራው ጀልባ ይሆናል» ብሎ መለሰን። እውነቱን ነበር። የመርከቧ ርዝመት 94.7 ሜትር፣ ወርዷ 12.5 ሜትር ገደማ ስለሆነ፣ 1 ለ100 በሆነ ልክ ሲሠራ አንድ ሜትር ሊሞላ ጥቂት የሚቀረው ቀጭንና ረጅም አካል ይወጣዋል፤ ብዙ ሰው በዐይነ ሕሊናው የሚስላት ግን ሆዷ ሰፍቶ፣ አጥራ ነው። አካሏ ከዋንዛ ተፈለፈለ። ዋንዛ ለመሮ የሚመችና ምስጥ የማይደፍረው እንጨት በመሆኑ ምርጫው የሚመሰገን ነው። የኋላ መድረኳ ለምን ገላጣ እንደሆነ ባለሙያው ጠይቆ፣ የባሕር አውሮፕላን ማንሻ ክሬን የነበረበት መሆኑን ሲረዳ፣ ያሰበውን ጌጣጌጥ ትቶ ቦታውን እንደነበረ ተወው።

ቀለሙ ትንሽ አከራክሮናል። ቤቱ የእንጨቱ መልክ እንዲታይ በቫርኒሽ ብቻ ሊተወው ፈልጎ ነበር፤ እኛ የጦር መርከብ ግራጫ መሆን አለባት ብለን ጸናን። ከዚህ ይልቅ የሚያስተዛዝበው የፊቱ መድፍ ነው። የአፈሙዙ ቀዳዳ ስፋት 127 ሚሊ ሜትር ስለነበረ፣ የብረቱ ውፍረት ተጨምሮበት እንኳ በሞዴሉ ልክ ከጥቂት ሚሊ ሜትር ማለፍ አልነበረበትም፤ መጀመሪያ የተገጠመው ግን እርሳስ ያህል ወፍራም ነበር። ቤቱ ሳያንገራግር በቀጭን የናስ ዘንግ ተካው። ባንዲራውን በተመለከተ አንበሳ ይኑርበት አይኑርበት በሚለው ላይ ቤተሰቡ ራሱ ስላልተስማማ፣ ባለሙያው ተነቃይ አድርጎ ሁለት ዓይነት ሠርቶልናል፤ ብልህ ሰው ነው።

ዋናው ቅሬታዬ በሰሌዳው ላይ ነው። ቤቱ ጽሑፉን ራሱ አይቀርጽም፤ ከተማ ውስጥ ላለ ሌላ ቀራጭ ያስተላልፋል። ተሠርቶ ሲመጣ የመርከቧ ስም በትልልቅ ፊደል ሦስት አራተኛውን ቦታ ይዞ፣ የሰዎቹ ስም ከግርጌ በመነጽር እንኳ በማይነበብ ደቃቅ ፊደል ተጨናንቆ ነበር። መርከብን ያለ ሠራተኞቿ ማሰብ ለጌጥ ካልሆነ በቀር ለእኛ ትርጉም የለውም፤ አክስቴ የወንድማቸውን ስም በጣታቸው ዳስሰው ማግኘት አለመቻላቸው የሥራውን ግማሽ አጉድሎታል። በዚያ ላይ የአገልግሎት ዘመኗ «ከ1962 እስከ 1983» ተብሎ ተጽፏል። የፊተኛው ቁጥር ከውጭ ጽሑፍ በአውሮፓውያን አቆጣጠር፣ የኋለኛው ከእኛ ወረቀት በኢትዮጵያ አቆጣጠር ተቀድቶ፣ በኢትዮጵያ ባንዲራ ሥር ከቆየችባቸው ዓመታት ስምንቱን ቆርጦባታል። ትክክለኛው ከ1954 እስከ 1983 ዓ.ም. ነው።

ቤቱ የዓመተ ምሕረቱን ስሕተት በራሱ ወጪ ሰሌዳውን አስቀርጾ አረመ። የፊደሉን መጠን ግን «መቆሚያው ከዚህ አይሰፋም» በሚል ምክንያት እንዳለ ተወው፤ ይህን ምክንያት አልቀበለውም። አንድ ሜትር ለሚጠጋ መርከብ ልክ የተጨነቀ እጅ፣ ለመቆሚያው ጥቂት ሳንቲ ሜትር መጨመር አይከብደውም ነበር። ስለዚህ የሚያሠራ ሰው መቆሚያው ከመቆረጡ በፊት የስሞቹን ብዛት በጽሑፍ ይስጥ፤ እያንዳንዱም ስም ራሱን የቻለ መስመር እንዲኖረው፣ ዓመታቱም ሁሉ በዓመተ ምሕረት እንዲጻፉ በውሉ ላይ ያስገባ።

የከፈልነው ከአንድ ጥሩ ቡፌ ዋጋ ጋር የሚቀራረብ ሲሆን፣ ለእጅ ሥራው ብዛት አይበዛም። የመረከቢያው ቀን አንድ ጊዜ ተራዝሟል። በክረምት ከአስፋልቱ እስከ በሩ ያለው መንገድ ስለሚጨቀይ መኪና ይዞ መግባት ያስቸግራል፤ የመስታወት ሣጥኑም በዋጋው ውስጥ ስለማይካተት አሉሚኒየምና መስታወት ከሚሠሩ ዘንድ ለብቻው ማዘዝ ያስፈልጋል።