ዝሆኑ የማያልፍበት ዛማ፦ የዘጠኝ ወር ልምዴ

የዛማን ጦርነት በትንንሽ ምስሎች ጠረጴዛ ላይ ለመጫወት የሚያስችለውን ትልቁን ሳጥን በ240 ዩሮ ከገዛሁ ዘጠኝ ወር ሆነኝ። ይህን ግምገማ እንድጽፍ ያስገደደኝ አንድ ጉድለት ነው፤ የሳጥኑ ዝሆኖች በሮማውያኑ መካከል በተተወው መተላለፊያ አያልፉም። የጨዋታው መመሪያ በአንድ ማኒፑልና (የሮማ እግረኛ ጦር አነስተኛ ጓድ) በሌላው መካከል 40 ሚሊ ሜትር ክፍተት እንዲተው ያዛል፤ እያንዳንዱ ዝሆን የተጣበቀበት ክብ መቆሚያ ግን ስፋቱ 60 ሚሊ ሜትር ነው። ሁለቱንም የሠራው አንድ ድርጅት ነው፤ ሁለቱም የወጡት ከአንድ ሳጥን ነው።

ይህን ጥቃቅን ነገር ማጋነን አድርጎ የሚያይ ሰው ቢኖር፣ በዛማ የሆነውን ላስታውሰው። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ202 ዓመት፣ ዛሬ ቱኒዚያ በምንላት ምድር፣ የሮማ ባላንጣ የነበረችው የካርቴጅ የጦር መሪ ሐኒባል ከ80 በላይ ዝሆኖችን በሠራዊቱ ግንባር አሰልፎ የሮማውን አዛዥ ስኪፒዮን ገጠመ። የሮማ እግረኛ በልማዱ በሦስት መስመር ይቆማል፤ ከፊት ሃስታቲ፣ በመካከል ፕሪንኪፔስ፣ ከኋላ ትሪያሪ። የሁለተኛው መስመር ማኒፑሎች የሚቆሙት በፊተኛው መስመር ክፍተቶች ትይዩ ስለሆነ፣ ከላይ ለሚያያቸው እንደ ዳማ ገበታ ተፈራርቀው ይታያሉ። ስኪፒዮ በዚያ ቀን ይህን ልማድ ትቶ ማኒፑሎቹን አንዱን ከአንዱ ኋላ በቀጥታ አቆማቸው፤ በዚህም ከፊት እስከ ኋላ የሚዘልቁ ባዶ መተላለፊያዎች ተከፈቱ። በመተላለፊያዎቹ አፍ ላይ ቬሊቴስ የሚባሉትን ቀላል ጦር ወርዋሪዎች አቆመና፣ ዝሆኖቹ ሲያይሉባቸው በዚያው መንገድ ወደ ኋላ እንዲያፈገፍጉ አዘዛቸው። መለከቱ ሲነፋ ከዝሆኖቹ ከፊሎቹ ደንብረው በሐኒባል ግራ ክንፍ ወደቆሙት የኑሚዲያ ፈረሰኞች ተመለሱ፤ ከሮማ ጋር የወገነው የኑሚዲያ መሪ ማሲኒሳም ያን ግርግር ተጠቅሞ አጠቃቸው። ሌሎቹ በመተላለፊያው ገብተው ካለፉ በኋላ ከግራና ከቀኝ በጦር ተወጉ፤ የቀሩትም ወደ ሌላው ክንፍ ሲሸሹ የሮማ ፈረሰኞች አዛዥ ላይሊየስ የካርቴጅን ፈረሰኞች ለማባረር ምቹ ጊዜ አገኘ። የጦርነቱ ፍጻሜ የመጣው እነዚሁ ፈረሰኞች ከማሳደድ ተመልሰው የሐኒባልን ነባር ወታደሮች ከኋላ በመቱ ጊዜ ነው። መተላለፊያው ከሌለ ይህ ሁሉ አይከተልም፤ ስሙ ዛማ ቢባልም ሌላ ጦርነት ይሆናል።

የመጀመሪያውን ጨዋታ የተጫወትኩት ከወንድሜ ልጅ ጋር ሲሆን ሐኒባልን የያዘው እሱ ነበር። ምስሎቹን ቀለም ቀብቼ ለመጨረስ ሁለት ወር ተኩል ፈጅቶብኝ ስለነበር ያን ቅዳሜ የጠበቅሁት እንደ በዓል ነው። ልጁ የመጀመሪያውን ዝሆን ገፋ አድርጎ ወደ ክፍተቱ ሲያስጠጋው መቆሚያው በግራም በቀኝም ሃስታቲዎቹን ነካና ቆመ። «ጋሼ፣ ይሄ የት ይግባ?» አለኝ። መመሪያውን ገለጥን፤ መቆሚያው የጠላትን መቆሚያ የነካ ሁሉ ወዲያው ውጊያ እንደሚጀምር በማያሻማ ቃል ተጽፏል። እንግዲህ ስምንቱም ዝሆኖች ከግድግዳ ጋር እንደሚላተሙ ሁሉ ከፊተኛው መስመር ጋር ተላተሙ፤ በሦስተኛው ዙር የስኪፒዮ መሐል ተሰብሮ ጨዋታው አለቀ። ዳይሱ ይሆናል ብለን አራት ጊዜ ደገምነው፤ አራቱንም ጊዜ ሐኒባል አሸነፈ።

ክፍተቱን ማስፋት ነው እንጂ ምን ችግር አለው የሚል ይኖራል፤ እኔም መጀመሪያ ያሰብኩት ይህንኑ ነው። ሳጥኑ መላውን የሮማ ጦር በአንድ ሌጌዎን (የሮማ ትልቁ የጦር ክፍል) አምሳል ስለሚያቀርብ በየመስመሩ አሥር ማኒፑል አለ፤ የእያንዳንዱ ስፋት 60 ሚሊ ሜትር ነው። በ40 ሚሊ ሜትር ክፍተት ሲሰለፉ ግንባሩ 96 ሳንቲ ሜትር ይሆናል፤ በእኔ 180 ሳንቲ ሜትር ጠረጴዛ ላይ ለፈረሰኞቹ በየክንፉ 42 ሳንቲ ሜትር ይተርፋል። ክፍተቱን ዝሆኑ ሳይነካ እንዲያልፍ ወደ 70 ሚሊ ሜትር ካሰፋሁት ግን ግንባሩ 123 ሳንቲ ሜትር ይደርስና ለየክንፉ ከ29 ሳንቲ ሜትር ያነሰ ይቀራል። በዚያ ጠባብ ቦታ ማሲኒሳና ላይሊየስ ፈረስ ማዞር እንኳ አይችሉም። ለዝሆኑ መንገድ ስሰጥ ለፈረሰኛው እነፍገዋለሁ።

ሻጩ ፊት ለፊቴ ቢቆም ምን እንደሚለኝ አውቃለሁ። ይህ ጨዋታ እንጂ የታሪክ ፈተና አይደለም ይለኛል። እኔ ግን የገዛሁት በክዳኑ ላይ ዛማ ተብሎ በትልቁ የተጻፈበትን ነው፤ ስያሜው ዋጋውን ከፍ ካደረገው፣ ስያሜውን የሚያስከብር ዕቃ ማግኘት መብቴ ነው። ቀጥሎም 60 ሚሊ ሜትሩ ክብ መቆሚያ ለሁሉም ዝሆኖቻቸው የሚጠቀሙበት አንድ ልክ መሆኑን ይነግረኛል። ይህ መልስ ይበልጥ ያስቆጣኛል፤ ምክንያቱም ዝሆኑን ገልብጬ ስለካሁት ከአንዱ እግር ውጫዊ ጠርዝ እስከ ሌላው ያለው ሙሉ ስፋት 34 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። እንስሳው ራሱ በ40 ሚሊ ሜትሩ መንገድ ሳይቸገር ይገባ ነበር። ያገደው ከእግሩ በታች ያለው የፕላስቲክ ክብ ነው፤ መመሪያውን የጻፈው ሰው ምስሎቹን አንድ ቀን እንኳ ጠረጴዛ ላይ አሰልፎ ቢያያቸው ኖሮ ይህ ስሕተት ከፋብሪካ ባልወጣ ነበር።

ዝሆኑ በቁመቱም ልክ አይደለም። ምስሎቹ ባለ 28 ሚሊ ሜትር የሚባሉት በመሆናቸው ከእውነተኛው ቁመት ስድሳ ጊዜ ያህል ያንሳሉ። የዝሆኑ ትከሻ 58 ሚሊ ሜትር ስለሆነ፣ በዚሁ ልክ ሲሰላ ወደ ሦስት ሜትር ተኩል ያህል ይደርሳል፤ ካርቴጅ ያሰለፈቻቸው የሰሜን አፍሪካ ዝሆኖች ግን ትከሻቸው ሁለት ሜትር ተኩል ገደማ የነበረ ትንንሽ ዝርያ መሆናቸው ይታመናል። በዚያ ዘመን የጦር ዝሆን ከእኛም አካባቢ ይወሰድ ነበር፤ በ6ኛው መቶ ዘመን ኮስማስ የተባለው ነጋዴ በአዱሊስ አይቶ የገለበጠው የግብጹ ንጉሥ የሦስተኛው ቶለሚ ጽሑፍ፣ ንጉሡ ከዚህ ወገን በታደኑ ዝሆኖች እንደተዋጋ ይናገራል። ከዛማ 15 ዓመት ቀደም ብሎ በራፊያ ጦርነት፣ የግብጽ ንጉሥ ዝሆኖች ከሕንድ የመጡትን የባላጋራቸውን ዝሆኖች መቋቋም እንዳቃታቸው የጥንቱ የታሪክ ጸሐፊ ፖሊቢየስ ጽፏል። ስለዚህ የዝሆን መጠን ለእኔ የቀለምና የጌጥ ጉዳይ ሆኖ አያውቅም።

ስለ ቀሪው ብዙ የምለው የለኝም። እግረኞቹ በጥሩ ሁኔታ የተቀረጹ ናቸው፣ የአክሪሊክ ቀለም በደንብ ይይዛሉ፣ በዘጠኝ ወር ውስጥ የተሰበረው አንድ የፈረስ እግር ብቻ ነው።

በስድስተኛው ወር ልቤ ቆረጠና ዝሆኖቹን ከፋብሪካው መቆሚያ በቀጭን መጋዝ አላቀቅኋቸው። ከሦስት ሚሊ ሜትር ኮምፔንሳቶ 36 ሚሊ ሜትር ስፋትና 70 ሚሊ ሜትር ርዝመት ያላቸው ሰባት አዳዲስ መቆሚያዎች ቆርጬ፣ ጠርዛቸውን በብርጭቆ ወረቀት አለስልሼ፣ በሱፐር ግሉ አጣበቅኋቸው። ሁለት ምሽት ፈጀ። 240 ዩሮ ከፍዬ የፋብሪካውን ሥራ እኔ መጨረሴ አሁንም ያንገበግበኛል፤ ለዚህም ነው ማንም ቢጠይቀኝ ሳጥኑን እንዳይገዛ የምመክረው።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ግን የሆነውን ሳልናገር ባልፍ ለዕቃውም ለራሴም አልታመንም። የወንድሜ ልጅ ዝሆኖቹን ሲያስነሳ ለመለከቱ ዳይስ ጣልኩ፤ ሦስቱ ዞረው በገዛ ፈረሰኞቹ ላይ ወጡ። ሁለቱ በመተላለፊያው ገቡ። ቬሊቴሶቹን አንድ በአንድ ወደ ኋላ ስስባቸው፣ ዝሆኖቹም በግራና በቀኝ የቆሙትን ሃስታቲዎች ሳይነኩ፣ ፕሪንኪፔሶቹንም አልፈው፣ እስከ ትሪያሪዎቹ ዘለቁ፤ እዚያም በጦር ወደቁ። ስለዚህ አሰላለፍ ለዓመታት ሳነብ ስኪፒዮ ሰዎቹን እንዴት እንዳሳመናቸው አይገባኝም ነበር፤ ያን ቀን በጠረጴዛው ጠርዝ ጎንበስ ብዬ ከመተላለፊያው በዚህኛው ጫፍ ስመለከት፣ እዚያ ቆሞ ዝሆን ሲመጣበት ማየት ምን ያህል ልብ እንደሚጠይቅ ተረዳሁ። ልጁም ለረጅም ጊዜ ዝም ብሎ ካየ በኋላ «አሁን ገባኝ» አለ። ለዚያች አንድ ሰዓት ብቻ ቢሆን ገንዘቡ አይቆጨኝም እል ነበር፤ መጋዙን ሳስታውስ ግን እንደገና ይቆጨኛል።

ስምንተኛውን ዝሆን በፋብሪካው ክብ መቆሚያ ላይ እንዳለ ትቼዋለሁ። ቤቴ መጥቶ ይህን ሳጥን ልግዛው ወይ ብሎ ለሚጠይቀኝ ሰው፣ ሁለት ማኒፑሎችን በ40 ሚሊ ሜትር ክፍተት አቁሜ ዝሆኑን በራሱ እጅ እንዲያሳልፍ እሰጠዋለሁ።