ኦል ኢንክሉሲቭ በዛንዚባር፦ ከልጆች ጋር ያዋጣል?

በታንዛኒያዋ ደሴት በዛንዚባር ላይ ኦል ኢንክሉሲቭ የሚባለው፣ መኝታው፣ ምግቡና መጠጡ በአንድ ዋጋ የሚሸጠው ጥቅል ማዋጣት አለማዋጣቱን ከኮከቡም ከቡፌውም በፊት የሚወስነው ሆቴሉ የቆመበት ዳርቻ ነው። የማስታወቂያ ፎቶዎቹ ሁሉ ባሕሩ ሞልቶ ሳለ የተነሡ ናቸው። በምሥራቁ በኩል፣ ማለትም በማተምዌ፣ በኪዌንጓ፣ በፓጄና በጃምቢያኒ፣ ያው ባሕር በቀን ሁለት ጊዜ ይሸሻል፤ አንዳንድ ቦታ ኪሎ ሜትር የሚጠጋ እርጥብ አሸዋ፣ የባሕር ሣርና ድንጋይ ይገለጣል። ጨረቃ ስትሞላና አዲስ ስትወለድ በሙላቱና በሽሽቱ መካከል ያለው የከፍታ ልዩነት 4 ሜትር ገደማ ይደርሳል።

ደግነቱ ሰዓቱን አስቀድሞ ማወቅ ይቻላል። በሙሉ ጨረቃና በአዲስ ጨረቃ ሰሞን ባሕሩ ረፋድ 4 ሰዓት ተኩል ገደማ ላይ ከሁሉ በላይ ይርቃል፣ ከሰዓት በኋላ 10 ሰዓት ተኩል ገደማ ይሞላል። ከዚያ በየቀኑ 50 ደቂቃ ያህል እየዘገየ ይሄድና ከሳምንት በኋላ ሙላቱ ረፋድ ላይ ይውላል፤ ያን ጊዜ ልዩነቱም ያንሳል። አራት አምስት ቀን ለመቆየት ሙሉ ጨረቃ ላይ ምሥራቁ ዳርቻ የደረሰ ቤተሰብ፣ ልጆቹ ቁርስ በልተው ሲወጡ ባሕሩን አያገኙትም። ስለዚህ ቀን ከመቁረጣችሁ በፊት ጨረቃዋን ተመልከቱ። ለመዋኘት የሚመቸው ከሙላቱ በፊትና በኋላ ሁለት ሁለት ሰዓት ተኩል ያህል ነው። ስዋሂሊ ተናጋሪው ሰዓት የሚቆጥረው እንደ እኛው ከንጋት ጀምሮ ስለሆነ ዓሣ አጥማጁ «ሳአ ንኔ» ካላችሁ ያው የእኛ 4 ሰዓት ነው፤ የሆቴሉ ሰሌዳ ግን በፈረንጅ ሰዓት ይጻፋል።

ባሕሩ ሲሸሽ መራመዱ ደስ ይላል፤ ግን በባዶ እግር አይሞከርም። በድንጋዩና በሣሩ መካከል ጥቁር እሾሃም የባሕር ጃርት አለ፤ እሾሁ እግር ውስጥ ተሰብሮ ይቀራል። ለእያንዳንዱ ልጅ ወፍራም ሶል ያለው የውኃ ጫማ ከቤት ይያዝ፤ በሆቴል ሱቅ ዋጋው ውድ ነው፣ የልጅ ቁጥርም ሁልጊዜ አይገኝም።

ሰሜኑ ጫፍ፣ ኬንድዋና የኑንግዊ ምዕራባዊ ፊት፣ ሌላ ነገር ነው። ወለሉ ቶሎ ስለሚጠልቅ ባሕሩ ቢጎድልም ለመዋኛ የሚበቃ ውኃ ይቀራል። ትንንሽ ልጆች ላሉት ቤተሰብ ምርጫችን ይኸው ነው፤ በዋጋ ቢበልጥም። «ኑንግዊ» የሚለው ስም ብቻ ግን አያታልላችሁ፤ በምሥራቅ ፊቱ ያሉት ሆቴሎችም ስሙን ይጠቀሙበታል፣ እዚያ ባሕሩ እንደ ማተምዌ ይሸሻል። ካርታ ላይ ፀሐይ መጥለቂያውን የሚያይ መሆኑን አረጋግጡ። ሌላም ወጥመድ አለ፦ ሪዩ ከተባለው የሆቴል ኩባንያ ሁለት የኑንግዊ ሆቴሎች «ፓላስ» የተባለው አዋቂ ብቻ ነው የሚያስተናግደው፤ ልጅ ይዞ የሚሄድ «ጃምቦ» የተባለውን ነው የሚይዘው። ኪዌንጓ በበኩሉ ለረጅም ጊዜ የጣሊያኖች ሠፈር ሆኖ የቆየ ነው፤ በብዙዎቹ ሪዞርቶች የልጆች ጨዋታ የሚመራው በጣሊያንኛ ስለሆነ እንግሊዝኛ ብቻ የሚያውቅ ልጅ ዳር ቆሞ ሊመለከት ይችላል።

ወቅቱን በሚመለከት፣ የእኛ በዓላት ከዛንዚባር ዝናብ ጋር አይስማሙም። ፋሲካ የሚውለው «ማሲካ» በሚባለው ከመጋቢት እስከ ግንቦት በሚዘልቀው ከባድ ዝናብ ውስጥ ነው። ዋጋ የሚወርደው፣ አንዳንድ ሆቴሎችም ለጥገና የሚዘጉት ያን ጊዜ ነው። «ፋሲካን በባሕር» የሚል ቅናሽ ስታዩ ምክንያቱ ይህ ነው። ገና ደረቅና ሞቃት ወቅት ላይ ይውላል፤ ግን የፈረንጆቹ አዲስ ዓመት ዋጋ ገና አልወረደም። ለተማሪ ቤተሰብ የሚስማማው የክረምቱ ዕረፍት ነው፦ ሐምሌና ነሐሴ እዚያ ደረቅ፣ ነፋሻና በአንጻሩ ቀዝቀዝ ያለ ነው፣ ባሕሩም 25 ዲግሪ አካባቢ ነው። በእነዚህ ወራት የሚነፍሰው «ኩሲ» የተባለው የደቡብ ምሥራቅ ነፋስ ፓጄን ለካይት ሰርፊንግ ያመቻል፣ ለሕፃን ግን አሸዋ ዓይን ውስጥ ይበትናል። ኬንድዋ ወደ ምዕራብ የዞረ ስለሆነ ከዚህ ተከልሏል።

አሁን ወደ ጥቅሉ። አብዛኛውን ጊዜ የሚካተቱት ሦስቱ የቡፌ ማዕዶች፣ በመሐል ቀለል ያለ መክሰስ፣ ለስላሳ፣ በአገር ውስጥ የሚመረት ቢራና መጠጥ፣ ገንዳው፣ የልጆች ክበቡና ሞተር የሌላቸው የባሕር መጫወቻዎች ናቸው። ከውጭ የገባ መጠጥ፣ ማሳጅ፣ የጀልባ ጉዞና የልብስ እጥበት ይወጣሉ። አጨቃጫቂዎቹ መሐል ላይ ያሉት ናቸው፦ ትኩስ የተጨመቀ ጭማቂ፣ አይስክሬም፣ የክፍሉ ፍሪጅ፣ ከአውሮፕላን ማረፊያ መቀበያ መኪና። እነዚህን በስም ጠቅሳችሁ በኢሜይል ጠይቁ፣ መልሱን አትሙና ያዙት። ሜኑ እያዩ የሚያዝዙባቸው ምግብ ቤቶች ካሉ ደግሞ ቦታው የሚያዘው በመጀመሪያው ቀን ነው፤ በሦስተኛው ቀን የጠየቀ ብዙ ጊዜ ቡፌው ላይ ይቀራል።

ትልቁ የዋጋ ጉዳይ ክፍሉ ነው። መደበኛው የቤተሰብ ክፍል ሁለት አዋቂና ሁለት ልጅ ይይዛል። ሦስት ልጆች፣ ወይም አያት ካሉ፣ ሁለት ክፍል ግዴታ ነው፣ ዋጋውም በአንዴ ይዘላል። ሁለት ክፍል ከተያዘ «ጎን ለጎን» ማለት አይበቃም፤ በውስጥ በር የሚገናኙ መሆናቸውን አስጽፉ። የልጅ ቅናሽ አብዛኛውን ጊዜ 12 ዓመት ላይ ያበቃል፣ የሚቆጠረውም በመግቢያው ቀን ያለው ዕድሜ ነው። የልጆች ክበብ አብዛኛው ከ4 ዓመት ጀምሮ ስለሆነ፣ የሁለት ዓመት ሕፃን ያላት እናት «ልጅ የሚይዝልኝ አለ» ብላ ብትሄድ ታዝናለች። ሞግዚት በሰዓት፣ በተጨማሪ ክፍያ ነው።

ምግቡ ጥሩ ነው፤ ከሦስተኛው ቀን ጀምሮ ግን ይደጋገማል። ፓስታውንና የተጠበሰ ድንቹን ለልጆቹ ትታችሁ የአገሬውን ፈልጉ፦ በኮኮናት ወተት የተሠራ ኦክቶፐስ፣ የተጠበሰ ዓሣ፣ ቻፓቲ፣ ሳምቡሳ። በፍልሰታ ለሚሄድ ጿሚ በኮኮናት የተቀቀለው ሩዝ «ዋሊ ዋ ናዚ»፣ «ማሃራጌ» የተባለው የቦሎቄ ወጥና እንደ ጎመን የሚሠራው «ምቺቻ» ከጾሙ ጋር ይሄዳሉ። ቻፓቲው በቅቤ መቀባቱን ግን ጠይቁ፣ ፒላው ደግሞ በሥጋ መረቅ ስለሚበስል ተዉት። ደሴቲቱ በአብዛኛው የሙስሊም በመሆኗ የሥጋው እርድም የሙስሊም ነው፤ ይህ ለአንዱ ቤተሰብ ዕረፍት ነው፣ ለሌላው ደግሞ ዓሣና እንቁላል ላይ መርጋት ማለት ነው። ቡናው የማሽን ነው። ብዙ አትጠብቁ።

ሆድ የሚበላሸው ብዙውን ጊዜ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ነው፤ ልጁ ፀሐይ ላይ የቆየ ሰላጣ ወይም መስኮት ዳር የቆየ ማዮኔዝ ሲበላ። የታሸገ ውኃ ብቻ ይጠጣ፣ ለትንንሾቹ ጥርስ መቦረሻም ጭምር። ኦአርኤስ ከቤት ያዙ፤ ከሪዞርቱ እስከ ደህና ፋርማሲ ድረስ መንገዱ ረጅም ሊሆን ይችላል።

ዋና የማይችል የከተማ ልጅን የሚያሰጋው ባሕሩ ብቻ ሳይሆን ገንዳውም ነው። በኮራል በተከለለው በምሥራቁ በኩል የባሕሩ ማዕበል ትንሽ ነው፤ የአዋቂዎቹ ገንዳ ግን ከ1.2 እስከ 1.4 ሜትር ስለሚጠልቅ ለስድስት ዓመት ልጅ ከራሱ በላይ ነው፣ ጠባቂም ሁልጊዜ የለም። በአየር የሚነፋ የክንድ ጎማ አትመኑ፤ በልጁ ክብደት ልክ የሆነ ላይፍ ጃኬት ያዙ። ምኔምባ በተባለችው ትንሽ ደሴት ዙሪያ በመተንፈሻ ቱቦ እየዋኙ ዓሣ ለሚያዩበት የስኖርክል ጉዞም እሱው ያገለግላል፣ ብዙ ጀልባዎች የያዙት የአዋቂ ቁጥር ብቻ ስለሆነ። በባሕሩ ዳር የሚያግባቡት «ፓፓሲ» የተባሉት ደላሎች ከሆቴሉ ርካሽ ይጠይቃሉ፤ ጀልባውንና ጃኬቶቹን ሳታዩ ግን አትክፈሉ።

ደሴቲቱ ከምድር ወገብ 6 ዲግሪ ብቻ የራቀች ስለሆነች ፀሐይዋ ብርቱ ናት። ጠይም ቆዳ አይቃጠልም የሚለው እዚያ አይሠራም፤ ከረፋዱ 4 እስከ 9 ሰዓት ልጆቹን እጅጌ ያለው የዋና ልብስ አልብሱ፣ ሰንስክሪኑን በየሁለት ሰዓቱ ድገሙ። ወባ በደሴቲቱ እጅግ ቀንሷል፣ አልጠፋም፤ ከ12 ሰዓት በኋላ ረጅም ልብስ፣ ማታ አጎበር።

ወረቀቱ ላይ የሚረሳው ኢንሹራንሱ ነው። እ.ኤ.አ. ከጥቅምት 1 ቀን 2024 ጀምሮ ዛንዚባር የሚገባ የውጭ አገር ሰው ሁሉ የደሴቲቱን መንግሥት ኢንሹራንስ መግዛት አለበት፦ ለአዋቂ 44፣ ከ3 እስከ 17 ዓመት ላለ ልጅ 22 ዶላር። ለወላጆችና ለሦስት ልጆች 154 ዶላር ማለት ነው፤ የሌላ ኩባንያ ኢንሹራንስ አይተካውም። ከኢትዮጵያ የሚነሣ ሰው ከ1 ዓመት በላይ ከሆነ የቢጫ ወባ ካርድ ይጠየቃል፣ ክትባቱም ቢያንስ ከ10 ቀን በፊት መወሰድ አለበት። የታንዛኒያ ቪዛ በኢንተርኔት ይጠየቃል፤ በአሜሪካ ፓስፖርት ለሚሄዱ 100 ዶላር ነው። የኢትዮጵያ ፓስፖርት የያዛችሁ ቪዛው እጃችሁ ሳይገባ የማይመለስ ክፍያ አትክፈሉ። ፌስታል በታንዛኒያ ክልክል ስለሆነ ሻንጣውን ያለ ፌስታል እሰሩ። ሶኬቱ ሦስት ጠፍጣፋ ጥርስ የሚቀበለው የእንግሊዝ ዓይነት ነው፤ ሁለት አዳፕተር ይበቃል።

በጥቅሉ ስንት ሌሊት? ከአውሮፕላን ማረፊያ እስከ ኬንድዋ አንድ ሰዓት ተኩል ያህል ነው፤ ከአራት ሌሊት በታች ከሆነ ድካሙ ይበዛል። ስድስት ሌሊት ያለው ሰው አራቱን በጥቅል፣ ሁለቱን ስቶን ታውን በተባለው አሮጌ ከተማ፣ ቁርስ ብቻ ባለው ሆቴል ቢያደርግ ይሻለዋል፤ በየቀኑ ለሽርሽር የሚወጣ ቤተሰብ የከፈለበትን ምሳ ሆቴል ትቶ ሌላ ምሳ ይገዛልና። በከተማው ውስጥ ትከሻና ጉልበት የሚሸፍን ልብስ ይለበስ።

የመውጫው ቀን ተንኮል አለው። ክፍሉ የሚለቀቀው ከጠዋቱ 4 ወይም 5 ሰዓት ላይ ነው፣ የጥቅሉ እንግዳ መሆናችሁን የሚያሳየው የእጅ አምባርም አብሮ ሊቆረጥ ይችላል፤ በረራው ማታ ከሆነ ምሳውና ገንዳው በሒሳብ ነው። እስከ ማታ መቆያ ዋጋውን ስትይዙ ተደራደሩ፣ በመጨረሻው ቀን ቅናሽ የለም። አንዳንድ ሆቴሎች በሰው በሌሊት የሚታሰብ የመንግሥት ክፍያም በዚያው ጠዋት ያቀርባሉ፤ በጥቅሉ ውስጥ መኖር አለመኖሩን ቀድማችሁ ጠይቁ። ዛጎልና ኮራል ከአገሩ ማውጣት ክልክል ስለሆነ ወደ አውሮፕላን ማረፊያ ከመነሣታችሁ በፊት የልጆቹን ቦርሳ ፈትሹ።