ቀይ መብራት ያለውን የራስ ባትሪ ማማ ላይ ሞከርኩት

ቡሬ ገበያ በ650 ብር ነው የገዛሁት። ግንባር ላይ በላስቲክ ይታሰራል፤ ሦስት ቀጫጭን ባትሪ ድንጋይ ይበላል። ነጋዴው «ቀይም አለው» ሲለኝ ነው ልቤ የከጀለው። የባዮሎጂ አስተማሪ ነኝ። ቀይ መብራት ጨለማ የለመደ ዓይንን አያበላሽም እያልኩ በየዓመቱ ለተማሪ እናገራለሁ፤ በዓይኔ ግን አይቼው አላውቅም።

የሞከርኩት አጎቴ የበቆሎ ማሳ ላይ ነው። መስከረም መጨረሻ፣ ጨረቃ የሌለበት ሌሊት። እሸቱን ጃርት እየጨረሰበት ስለሆነ ማማ ላይ ያድራል።

መጀመሪያ ነጩን አበራሁት። ኃይለኛ ነው፤ እስከ ማሳው ዳር ይደርሳል።

«አንተ ልጅ፣ አጥፋው! ዓይኔን አጠፋኸው እኮ» አለኝ አጎቴ።

አጠፋሁት። ድቅድቅ አለ። እጄ እንኳ አልታይህ አለኝ። ስልኬን በየአሥር ደቂቃው እንዲንቀጠቀጥ አድርጌ ኪሴ ከተትኩና ዝም ብዬ ተቀመጥኩ። አንዴ ሲንቀጠቀጥ የበቆሎው ጫፍ ሰማዩ ላይ ይታየኝ ጀምሯል። ሦስተኛው ላይ የአጎቴ ጋቢ፣ የአጥሩ እንጨት አንድ በአንድ። አረንጓዴው ግን የለም፤ ሁሉም ዳለቻ ነው።

ብሌን ቶሎ ይሰፋል፤ እሱ ትንሹ ሥራ ነው። ትልቁ ሥራ ሬቲና ላይ፣ ከዓይን ኋላ ባለው ብርሃን ተቀባይ ሽፋን ላይ ነው። ቀለም የሚለዩት ኮኖች የሚባሉ ሕዋሳት በአሥር ደቂቃ ገደማ አቅማቸውን ይጨርሳሉ። ለጨለማ የተፈጠሩት ሮዶች ግን ብርሃን ያፈረሰባቸውን ሮዶፕሲን፣ ማለትም ብርሃን የሚይዙበትን ንጥረ ነገር፣ መልሰው እስኪሠሩ ግማሽ ሰዓትና ከዚያም በላይ ይፈጃሉ። ለሥራውም ቫይታሚን ኤ ይፈልጋሉ፤ ዳፍንት የሚመጣው እሱ ሲጎድል ነው። ቀይ ብርሃን ሮዶችን እምብዛም አይነካቸውም። ደብዘዝ ያለ ቀይ አብርተህ ስታጠፋው ጨለማው እንደ ነበረ ይጠብቅሃል ማለት ነው።

ይሄ በእርግጥ ሠርቷል። ቀዩን አብርቼ ከቴርሞስ ቡና ቀዳሁ፣ አጠፋሁ፣ አጥሩ አሁንም ይታየኛል።

ችግሩ ማብሪያው ነው። አንድ ቁልፍ ብቻ ነው ያለው። አንዴ ስትጫነው ኃይለኛ ነጭ፣ ሁለቴ ደካማ ነጭ፣ ሦስቴ ብልጭ ድርግም፣ ቀይ የሚመጣው አራተኛ ላይ! ግማሽ ሰዓት የለፋህበትን ዓይን አቃጥለህ ነው ቀዩ ጋ የምትደርሰው። ይህን የነደፈው ሰው አንድ ሌሊት ውጭ አድሮ አያውቅም መሰለኝ። እኔ ጋቢ ውስጥ ደብቄ አራት ጊዜ እየተጫንኩ ነው የማወጣው።

ሌላም አለ። የተማሪ ፈተና ይዤ ነበር፤ በቀዩ ላርም ስል በቀይ እስክርቢቶ የሰጠሁት ማርክ ሁሉ ከወረቀቱ ጠፋ። ቀይ ብርሃን ላይ ቀይ ቀለምና ነጭ ወረቀት አንድ ናቸው። ማሰብ ነበረብኝ።

ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ የሆነ ነገር ተንኮሻኮሸ። ትክ ብዬ ባይ ምንም የለም። «ፊት ለፊት አትየው፤ ወደ ጎን ብለህ እየው» አለ አጎቴ። ወደ ጎን አልኩ፤ ጃርቱ ብቅ አለ። የሬቲናው እምብርት ላይ ሮድ የለማ! አስተማሪው እኔ፣ አዋቂው እሱ።

ለማማ በግማሽ ልብ ነው የምመክረው። አጎቴ ግን ሲነጋጋ በነጩ ላሟን አለበበትና «እጅ አያስይዝ፣ ግሩም ነው» አለ። ከዚያ ወዲህ ባትሪው እሱ ዘንድ ነው።