ስልክ ዎኪ ቶኪን ይተካል? ዜሎ በደሴና ኮምቦልቻ መስመር

ከደሴ ኮምቦልቻ ጭነት ለሚያመላልስ ድርጅት የእጅ ሬዲዮ ብዙም አይበጅም። 5 ዋቱ ከተማ ውስጥ ከ1 እስከ 3 ኪሎ ሜትር ቢደርስ ነው፤ መኪናው ሐረጎን ሲታጠፍ ድምፁን ተራራው ይውጠዋል። ከፍታ ላይ ሪፒተር (ድምፁን ተቀብሎ መልሶ የሚያሰራጭ መሣሪያ) ልትከል ቢሉ ወጪው ሌላ፣ የፍሪኩዌንሲ ፈቃዱ ሌላ። ስልክን በኢንተርኔት እንደ ዎኪ ቶኪ በሚያሠራው መተግበሪያ፣ በዜሎ ግን ዳታ እስካለ ድረስ ሾፌሩ ሐይቅም ይሁን ወልድያ ልዩነት የለውም። ዳታውም አያስፈራም፤ አንድ ሰዓት ሙሉ ቢወራ 10 ሜጋባይት አካባቢ ነው።

የሚያናድደው ሌላ ነው። አንድሮይድ ባትሪ ልቆጥብ ብሎ መተግበሪያውን ከጀርባ ይዘጋዋል፤ ሾፌሩ «አልሰማሁም» ሲል አብዛኛውን ጊዜ እውነቱን ነው። ሴቲንግ ውስጥ ገብቶ ከመተግበሪያው የባትሪ ምርጫ «ያለ ገደብ» የሚለውን መምረጥ ነው። አንዳንድ ስልክ ላይ ስልኩ ሲነሳ አብሮ እንዲከፈትም ለብቻ መፍቀድ ያስፈልጋል። የመናገሪያውን ቁልፍ ተጭኖ ከመናገር በፊት አንድ ሰከንድ መጠበቅም ልማድ መሆን አለበት፤ አለዚያ «አታራግፍ» የተባለው «ራግፍ» ሆኖ ይደርሳል። አንዱ ቁልፉን ሲይዝ ሌላው ጠባቂ ነውና፣ የወሎ ሰላምታ ደግሞ ቶሎ አያልቅምና፣ ሰላምታው ከቻናሉ ውጭ ቢሆን ይሻላል።

መብራት ጠፍቶ ኔትወርክ ሲሄድ ዜሎ ዋጋ የለውም። ስለዚህ ለመጋዘኑና ለበሩ ጥበቃ ሁለት ሬዲዮ ይቀመጥ፤ ለመንገዱ ስልኩ ይበቃል።