ለቤት የመኪና ሥራ የሚሆን የብየዳ ማሽን፦ ኢንቨርተር፣ ትራንስፎርመር ወይስ ባለ ሽቦ?

በባሕር ዳር መኪናቸውን ወይም ባጃጃቸውን በግቢያቸው የሚጠግኑ ወዳጆቼ ደጋግመው የሚያነሡልኝ ጥያቄ አንድ ነው፤ ብዙ ገንዘብ ሳይወጣ የትኛው የብየዳ ማሽን ይገዛ? የእኔ ምርጫ በኤሌክትሮድ (እየቀለጠ በሚያልቅ የብየዳ ዘንግ) የሚሠራና 160 አምፔር በእርግጥ የሚሰጥ አነስተኛ ኢንቨርተር፣ ማለትም በኤሌክትሮኒክስ ቦርድ የሚሠራ ቀላል ማሽን ነው። ፖርቶመጋላ ለመሥራት፣ የተሰነጠቀ የባጃጅ ቻሲስ ለመጠገን ወይም የባትሪ ማስቀመጫ ለመበየድ ከዚህ የሚበልጥ ኃይል አያስፈልግም። 2.5 ሚሊ ሜትር ኤሌክትሮድ ከ70 እስከ 90 አምፔር ይበቃዋል፤ በዚህ መጠን ሲሠራም ጥሩ ኢንቨርተር ከቆጣሪው የሚስበው ኃይል የኤሌክትሪክ እንጀራ ምጣድ ከሚወስደው አይበልጥም።

የዋጋው ነገር ሰፋ ያለ ማብራሪያ ይፈልጋል። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ከውጭ የሚገባ ዕቃ ዋጋው ቶሎ ቶሎ ስለሚለዋወጥ፣ ዛሬ የምጽፈው የብር ቁጥር ነገ አንባቢውን ያሳስተዋል። ይልቁንም ገዢው ከያዘው ከእያንዳንዱ 100 ብር 60ውን ለማሽኑ፣ 15ቱን ለማስክና ለጓንት፣ 15ቱን ለኬብል፣ ለፒንሳ (ኤሌክትሮዱን ለሚይዘው) እና ለማሳ መቆንጠጫ (የመመለሻውን ገመድ ከሚበየደው ብረት ጋር ለሚያገናኘው)፣ የቀረውን 10 ለኤሌክትሮድ ቢመድብ እመክራለሁ። ብዙ ሰው መቶውንም በማሽኑ ላይ ያውልና ከካርቶኑ በወጣው አጭርና ቀጭን ኬብል ሥራ ይጀምራል። ያ ኬብል ብዙ ጊዜ ላዩ ብቻ መዳብ የተለበጠ አሉሚኒየም ነው፤ ጫፉን በቢላዋ ሲፍቁት ነጭ ሆኖ ይታያል። እንዲህ ያለው ኬብል ይግላል፣ ከመቆንጠጫው ሥር ይላላል፣ ብየዳውም ይቆራረጣል፤ ገዢው ደግሞ ጥፋቱን ሁሉ በማሽኑ ያሳብባል። ስለዚህ ሁለት ማሽኖች ሲወዳደሩ የእውነተኛ መዳብ ኬብል ዋጋ በርካሹ ላይ ተደምሮ መታየት አለበት፤ ያን ጊዜ ርካሽ የመሰለው ብዙውን ጊዜ ርካሽ ሆኖ አይገኝም።

ከሁሉ የከፋው በማሽኑ ፊት ላይ የሚጻፈው ቁጥር ነው። አንድ ጎረቤቴ «300» የሚል የተለጠፈበትን ትንሽ ማሽን፣ ከ160ው በጥቂት ብር ብቻ ስለሚበልጥ ደስ ብሎት ገዛው፤ በ3.2 ሚሊ ሜትር ኤሌክትሮድ ቱቦላሬ መበየድ ሲጀምር ግን ማሽኑ እየጋለ ይቆም ጀመር፣ በኋላም ጨርሶ ተቃጠለ። ይህን ሐሰት ሱቁ ውስጥ ቆሞ በሒሳብ ማጋለጥ ይቻላል። በኤሌክትሮድ ብየዳ ለ300 አምፔር የሚያስፈልገው ቮልቴጅ 32 ነው፤ ሁለቱ ሲባዙ 9,600 ዋት ይሆናሉ። ይህን ኃይል ከ220 ቮልት መስመር ለማግኘት፣ ምንም ብክነት ባይኖር እንኳ፣ ከ43 አምፔር በላይ መሳብ ግድ ነው። ከማሽኑ ጀርባ ባለው ሰሌዳ ላይ የመግቢያው አምፔር 20 ወይም 25 ተብሎ ከተጻፈና ገመዱም ቀጭን ከሆነ፣ «300» የሚለው እውነት ሊሆን አይችልም። እዚያው ሰሌዳ ላይ ከአምፔሩ ጋር የሚጻፈውን ፐርሰንትም ማየት ያስፈልጋል፤ 60 ከሆነ ማሽኑ ከ10 ደቂቃ ውስጥ 6ቱን በይዶ 4ቱን ማረፍ አለበት ማለት ነው። ይህ መጠን የሚሰጠው እስከ 1,000 ሜትር ከፍታ ላለ ቦታ ሲሆን፣ ባሕር ዳር ወደ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች አየሩ ሳስቶ ማሽኑን የማቀዝቀዝ አቅሙ ይቀንሳል። ስለዚህ እዚህ የሚሠራ ሰው ከሰሌዳው ቁጥር ዝቅ ብሎ ማሰብ ይኖርበታል።

ትራንስፎርመሩን፣ ማለትም በከባድ የሽቦ ጥምጥም የሚሠራውን ማሽን፣ የሚመርጡ ሰዎች በቂ ምክንያት አላቸው። የመብራት መዋዠቅን ይችላል፣ ቢቃጠልም ሞተር የሚጠመጥም ባለሙያ እንደገና ይጠመጥመዋል። ነገር ግን ለአንድ ዓይነት ሥራ ከኢንቨርተሩ የበለጠ አምፔር ስለሚስብ በደካማ የቤት መስመር ላይ ብሬከሩን ይጥላል፣ የጎረቤትንም መብራት ያደበዝዛል፤ ክብደቱም ከመኪናው ሥር ወዲያና ወዲህ ለማለት አይመችም። በርካሽ የሚሸጡት ደግሞ አንዳንዶቹ ጥምጥማቸው አሉሚኒየም ነው። የራሱ መስመር ላለው ጋራዥ ይሁን እንጂ ለቤት አልመክረውም።

«ኢንቨርተር ከተበላሸ አይጠገንም» የሚባለው ግን ግማሽ እውነት ነው። ብዙ ጊዜ የሚቃጠሉት ትራንዚስተሮቹ ናቸው፤ ቦርዱ በሙጫ ካልተደፈነና ክፍሎቹ በተለያዩ ቦርዶች ላይ ከተሠሩ የሠለጠነ የኤሌክትሮኒክስ ጠጋኝ ይለውጣቸዋል። መብራት ሲጠፋ ማሽኑን መንቀል፣ ሲመለስም ጥቂት ጠብቆ መሰካት፣ ከግራይንደር የሚወጣውን የብረት ብናኝ ፋኑ እንዳይስበው ማሽኑን ማራቅ ዕድሜውን ያረዝመዋል።

ባለ ሽቦው ማሽን፣ ማለትም ሚግ፣ ለቀጭን የመኪና ላሜራ ከሁሉ ይሻላል፤ ፓራፋንጎና ወለል ብዙውን ጊዜ ከ1 ሚሊ ሜትር ስለማይወፍር በኤሌክትሮድ ቶሎ ይበሳል። ሆኖም ዋጋው ከኤሌክትሮዱ ኢንቨርተር ብዙ ይበልጣል፣ በጋዝ የሚሠራው ደግሞ ሲሊንደር መግዛትንና ማስሞላትን ይጨምራል። በክፍት ግቢ ሲሠሩም ከጣና የሚነሣው የከሰዓት ነፋስ ብየዳውን ከአየር የሚጠብቀውን ጋዝ ይበትነውና ብየዳው ቀዳዳ በቀዳዳ ይሆናል። ያለ ጋዝ የሚሠራው ሽቦ ነፋሱን ይቋቋማል፣ ግን ለስስ ላሜራ እንደ ጋዙ አይጠራም። በዓመት ጥቂት ላሜራ ብቻ የሚያስበይድ ሰው ያን ሥራ ለቦዲ ባለሙያ ቢሰጥ ገንዘቡን ያተርፋል።

የትኛውም ማሽን ቢገዛ፣ መኪና ላይ ከመበየድ በፊት የባትሪው ኔጌቲቭ ይነቀል፣ ማሳውም ከሚበየደው ቦታ አጠገብ ይታሰር፤ አለዚያ ኮምፒውተሩና ዲናሞው ለጉዳት ይጋለጣሉ። ክረምቱ እርጥብ ስለሆነ ኤሌክትሮዱ ክዳኑ በሚገጥም ዕቃ ውስጥ ይቀመጥ።

ከመርካቶ ማስመጣት በዋጋ ይቀንስ ይሆናል፤ ነገር ግን የተበላሸን ማሽን ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ መልሶ መለወጥ የሚቻል አይደለምና፣ ትንሽ ጨምሮም ቢሆን እዚሁ ባሕር ዳር ፈትኖ መግዛትን እመርጣለሁ። ገዢው 3.2 ሚሊ ሜትር ኤሌክትሮድና ወፍራም ብረት ይዞ ይሂድ፣ ማሽኑን 110 አምፔር ላይ ያድርግ፣ ሁለት ኤሌክትሮድ በተከታታይ እስከ ጫፋቸው ያቃጥል። ሻጩ ይህን ካልፈቀደ ወደሚቀጥለው ሱቅ ይለፍ።